ቀኗን በመግሪብ የምትለውጠው ሰዓትህ

አባዬ፣ አሰላሙ ዐለይከ።

ከተለያየን ወዲህ ያ ጥርስ የሚያንቀጫቅጨው ብርድ አልፎ፣ አሁን ከሰዓት በኋላ እዚህ ሀርጌሳ፣ ሰፈራችን ኮድቡር ላይ ደመና መሰብሰብ ጀምሯል። እማዬ የባል ሐዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷታል። እኔ ያው ነኝ። ባጃጄን እነዳለሁ፣ ተሳፋሪ አስቃለሁ፣ ሰው እየሳቀ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምዞር ግራ ይገባኛል። በፊት የቀኑን ተንኮሌን ሁሉ ይዤ ሱቅህ እመጣና እዘረግፍልህ ነበር። አሁን የምዘረግፍበት ስላጣሁ ሆዴ ውስጥ ተከማችቶ ቀርቷል።

ደብዳቤ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያባረረኝ መምህር ወረቀት ላይ ተደፍቼ ቢያየኝ፣ ምን ሊያቃጥል ነው ብሎ ውሃ ይዞ ይሮጥ ነበር። ፊደል ከሳትኩ ሳቅብኝ። አንተ ካልሳቅክብኝ ደግሞ ማን ሊስቅብኝ ነው?

የሱቅህን ወሬ ላውራህ። የሰው ሰዓቶችን ለየባለቤቱ እየመለስን ነው፣ እኔና ወንድሜ ከድር። እያንዳንዱ ሰው ሰዓቱን ይቀበልና ቆሞ ስላንተ ያወራል። ደግሞ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «አላህ ይዘንለት፣ ሁልጊዜ ‹ነገ ና› ይለኝ ነበር»። አንድ ሽማግሌ እንደውም ገና ለቅሶው ላይ እያለቀሰ፣ «ነገ ና እያለ ከልጄ ሰርግ እስከ ልጅ ልጄ ስም ማውጫ፣ እስከ አቂቃው አደረሰኝ» አለን። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አፉን በትከሻ ፎጣው ሸፍኖ ሳቀ። ሰዓት ሠሪ ሆነህ ቀጠሮ አክብረህ አታውቅም እኮ አባዬ። አንድ ጊዜ ብቻ «ነገ» ሳትል ሄድክ።

ጎረቤትህ፣ አክስት ብዬ የምጠራት ኤዶ ሆዳንም ሰላም ብላሃለች። ፍየሏም ደህና ናት። ያቺ ፍየል ትዝ ትልሃለች አይደል? እንዴት ትረሳታለህ።

ሰዓትህን ነው ላወራህ የተቀመጥኩት። እማዬ «ቤቱ» የምትላትን። አያቴ ድሬዳዋ ያስቀሩልህን የቤት ድርሻ ሸጠህ፣ ዱባይ መለዋወጫ ልትገዛ በሄድክበት እሷን በእጅህ አስረህ ስትመለስ፣ እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ሰው ቤት ውስጥ ይኖራል፣ የኔ ባል ቤት በእጁ አስሮ ይዞራል» አለች። አንተ ሰዓቷን ገልብጠህ ጀርባዋን አሳየሃት። ጀርባዋ መስታወት ነው። ውስጧ ያለችው ግማሽ ክብ ብረት እጅህን ባወዛወዝክ ቁጥር ስትሽከረከር ይታያል። «ባትሪ የላትም፣ በሰው ነው የምትኖረው» አልካት። እማዬ እንደተቆጣች ቀረች፤ ግን አየኋት፣ ሁለተኛ ጎንበስ ብላ አየቻት።

ሻጩ መጀመሪያ ወርቅ ዘርግቶልህ ነበር አሉ። «ወርቅ ለወንድ አልተፈቀደም፣ ብረቷን አምጣ» አልከው። ብረት ብትሆንም ግን የማንም ብረት አይደለችም። ጠርዟ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፣ ሰንሰለቷ ከራሷ ከሰዓቷ ፈስሶ የወጣ ይመስላል፣ ፊቷ ሌሊት ሊሆን የተቃረበ ሰማይ ነው። ቁጥር የሚባል የለባትም፤ ቀጫጭን መስመሮች ብቻ። ዕድሜህን ሙሉ የሰው አሮጌ ሰዓት ስትጠግን ኖረህ ለራስህ የዘመኑን ማምጣትህ የሰፈሩ መቀለጃ ነበር። እኔማ አንደኛ ቀላጅ ነበርኩ። «ጎረምሳ ሆንክ» እልሃለሁ። አንተ ደግሞ አጉሊ መነጽርህን ከዓይንህ ሳታነሳ፣ «ልብሷ ነው ዘመናዊ፣ ሆዷ የጥንት ነው» ትለኛለህ።

ያኔ ነው ያን ታሪክ የጀመርክልኝ። ይሄን ሙያ ያሳደጉት ፈረንጅ አገር ተራራ ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው አልክ። በረዶ በራቸውን ሲዘጋባቸው ላሞቻቸውን በረት ያስገቡና፣ ብርሃን ፍለጋ መስኮት ስር ተቀምጠው ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ የሰዓት ጥርስ ሲሞርዱ ይከርማሉ። በረዶው ሲቀልጥ አንዱ ሰብስቦ ወደ ከተማ ይዞ ይወርዳል። «እንግዲህ ሀርጌሳ በረዶ ስለሌለ ነው እኔ ሙያ ያልያዝኩት» ብልህ፣ «አንተ ጅኒ፣ አንተማ በረዶ ቢዘጋብህ በጭስ ማውጫው ወጥተህ የጎረቤት በር ላይ ትከምረዋለህ» አልከኝ።

ከዚያ ተራራ ወርዶ ሙያው እንዴት ወደኛ እንደደረሰም ነግረኸኛል። ድሬዳዋ ባቡር ነበር፣ ባቡር ደግሞ ሰዓት ይፈልጋል። ከጣቢያው ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ አርመን ለአያቴ አስተማረ፣ አያቴ ለአንተ፣ አንተ ለከድር ልታስተምር ብትል ከድር ትምህርት ወደደና ቢሮ ገባ። እኔ ቀረሁ። አስቀምጠኸኝ መፍቻውን ሰጠኸኝ፣ ትንፋሼን እንድይዝ ነገርከኝ። የመጀመሪያዋ ስፕሪንግ ከእጄ ተፈናጥራ የኤዶ ሆዳን ሻይ ውስጥ ገባች። ተነስተህ መፍቻውን ከእጄ ወሰድክ፣ ሳትቆጣ። «ያንተ እጅ ለመጠገን አልተፈጠረም» አልክ። ቀልጄ አለፍኩት እንጂ ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። ከተራራው ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ገመድ እኔ ጋ ሲደርስ የተበጠሰ መሰለኝ።

ስለዚህ ሰዓቷን መፈተን ሥራዬ አደረግኩት። ውሃ አይገባትም ስትል ሰማሁና እንግዶች በተቀመጡበት የውሃ በርሜል ውስጥ ጨመርኳት። እጅጌህን ሰብስበህ እጅህን አስገብተህ አወጣሃት፣ ጆሮህ ላይ አደረግካት፣ ለእንግዶቹ «ልጄ ሰዓት አጥቦልኛል» አልካቸው። ከዚያ ፍየሏ። ለዙህር ሶላት ውዱእ ስታደርግ ፈትተህ ባስቀመጥክበት አንስቼ የኤዶ ሆዳን ፍየል አንገት ላይ በገመድ አሰርኳት። ፍየሏ ቤት የሚያወጣ ሰዓት አስራ ኮድቡርን ዞረች፣ ካርቶን በላች፣ ከአጥር ተፋተገች። ሰው ሁሉ «ወላሂ ይቺ ፍየል ቀጠሮ አላት» እያለ ተከተላት። ስትመለስ መስታወቷ ላይ ጭረት የለም። አንተ ደግሞ ደህና መሆኗን አይተህ፣ ቀና ብለህ አየኸኝና «ከኔ በደንብ ነው የሞላቻት» አልክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባጃጅ ስነዳ በሳምንት አንድ ቀን ሰዓቷን እኔ እንዳስራት ፈቀድክ። አሁን ነው የገባኝ። ተቀምጠህ የምትሠራ ሰው ነህ፤ እጅህ ጸጥ ያለ ነው፤ እሷ ደግሞ የምትኖረው በማያርፍ እጅ ነው።

ስለ ቀኗም የምናሾፈው ያኔ ነበር፣ እኔና አንተ ብቻችንን ሱቅ ውስጥ። ስልክ ሁሉ፣ ቢሮ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሄድ አንተ ሰዓትህን እንደ ድሬዳዋ ሞላሃት፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ስትገባም አሥራ ሁለት። ታዲያ የቀኑን ስም በእንግሊዝኛ የምታሳየው ትንሽ መስኮት አሥራ ሁለት ላይ ነው የምትዞረው። የሌላው ሰው ሰዓት በእኩለ ሌሊት ቀን ሲለውጥ ያንተዋ ገና ሲመሽ ትለውጣለች። «አባዬ ሰዓትህ ታማለች፣ ሳይነጋ ነገን ታወራለች» ስልህ፣ በማዞሪያዋ መርፌዎቿን አንድ ሙሉ ዙር ብታሳልፍ ንጋት ላይ እንድትለውጥ ማድረግ እንደምትችል ነገርከኝ። «አልፈለግኩም እንጂ። የሙስሊም ቀን በመግሪብ ነው የሚጀምረው። ፈረንጅ አገር ተወልዳ እዚህ መጥታ ሰልማለች፣ ተዋት» አልከኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ያ ቀልድ አንድ ቀን ምን እንደሚሆነኝ አላወቅኩም።

አሁን የከበደኝ ቦታ ላይ ደረስኩ።

ያን ሐሙስ ሆስፒታል አጠገብህ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከድር ከቢሮ እየመጣ ነበር፣ እማዬ ልብስህን ልታመጣ ቤት ሄዳለች። እጅህ ከመክሳቱ የተነሳ ሰዓቷ እስከ ክርንህ ትንሸራተት ነበር። ፈትተህ ሰጠኸኝ። «እጅህ አያርፍም፣ ያንተ እጅ ነው የሚሞላት፣ እንዳትቆም» አልክ። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። አሰርኳትና እጅህን ያዝኩ። ከመስኮቱ ስር ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ መብራት በርቷል፣ መሽቷል አልመሸም አላውቅም። አዛን ብሎ ከሆነም አልሰማሁም። ትንፋሽህ ራቅ ራቅ አለ፣ ከዚያ ቆመ። እኔ ደግሞ ጠበቅኩ፣ አባዬ። የተኛህ መስለህ ልብህ እየሳቀ አንድ ዓይንህን ከፍተህ የምታስደነግጠኝን ታውቀዋለህ አይደል? ያንን ነው የጠበቅኩት። ዓይንህን ላለማየት ብዬ የተያያዙ እጆቻችንን አየሁ። መስኮቷ ዞራለች። በእንግሊዝኛ ሳልሳሳት የማነበው አንድ ቀን ነው፣ ጁምዓ። ጁምዓ ይላል።

ነርሷ መጥታ ወረቀት ላይ ሐሙስ ብላ ጻፈች፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ አልጻፈችም። በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበርንህ። ማታ ሴቶቹ እማዬን ከበው ተቀምጠው ሳለ አንዷ «ከመግሪብ በፊት ነው በኋላ?» ብላ ጠየቀች። በጁምዓ ወይም በጁምዓ ሌሊት የሞተን ሰው አላህ ከቀብር ፈተና ይጠብቀዋል ሲባል እማዬ ስትሰማ ነው ያደገችው። ሌሊቱ ደግሞ ከመግሪብ ይጀምራል። ከመግሪብ በፊት ከሆነ ሐሙስ፣ በኋላ ከሆነ ጁምዓ። እማዬ ሻሿን ያዝ አድርጋ ወደኔ ዞረች፣ አጠገብህ የነበርኩት እኔ ነኛ።

«ከመግሪብ በኋላ ነው፣ ሰዓቱ ወደ ጁምዓ ዞሮ ነበር» አልኩ።

ከድር ከወንዶቹ በኩል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰዓት ቀን የሚለውጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ማዞሪያውን ነክተኸዋል። ነጂብ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዛሬን እንኳን ተወን» አለኝ።

አልተቀየምኩትም። እንዴት እቀየመዋለሁ? የዒድ ጨረቃ ታየች ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ያስጮህኩ እኔ አይደለሁ? እማዬ ያኔ ሥጋ ዘልዝላ፣ ኤዶ ሆዳን የልጆቿን ፀጉር ሠርታ፣ በማግስቱ ሁሉም በጾም ውሎ ረገመኝ። አንተ ብቻ ነህ የሳቅከው። ዒድ ዋሽቶ ያወጀ ሰው ጁምዓን ሲመሰክር ማን ያምነዋል? እማዬን አየኋት። ልታምነኝ ፈልጋለች፤ ዓይኗ ላይ አየሁት። ግን ፈራች። ማረፊያህን የሚያህል ነገር በኔ አፍ ላይ ለመጣል ፈራች። እንደዚያ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። በሕይወቴ አንድ እውነት ብቻ በእጄ ላይ አስሬ፣ የሚቀበለኝ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ እማዬ እህል አልቀምስ አለች። ማንንም አትጠይቅም፤ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ትተኛለች። እኔም መቀለድ ተውኩ። ባጃጅ ላይ የተሳፈሩ ሁሉ «ምን ሆንክ?» ይላሉ።

በሳምንቱ ሐሙስ ከድር ከዐስር ሶላት በኋላ ክራቫቱን ሳያወልቅ መጣ። እኔን ሳይሆን እማዬን አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ «ስጠኝ» አለ። ሰዓቷን ፈትቼ ሰጠሁት። ኪሱ ከተተና እስከ መግሪብ ከኔ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ እስረኛ የሚጠብቅ ይመስል ነበር፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት የሚበቃ መቀለጃ አደርገው ነበር።

አዛን ሲል መስገጃ አነጠፍን። ከድር ሰዓቷን ከፊቱ መስገጃው ጫፍ ላይ አስቀመጣት። እሱ ኢማም ሆነ፣ እኔ ቀኙ ቆምኩ፣ እማዬ ከኋላ። ሶላቱን ካሰላመትን በኋላ አጎንብሶ አያት። ሐሙስ። እማዬ ከኋላችን ጠጋ አለች። ከድር ተስቢሁን መቁጠር ጀመረ። እኔም ተቀመጥኩ፣ አባዬ። ብታየኝ አታውቀኝም። ጣቴ እንኳን አልተንቀሳቀሰም። መፍቻውን የሰጠኸኝ ቀን እንደዚያ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ ሰዓት ሠሪ ነበርኩ።

መጀመሪያ ፊደሎቹ ዘመም አሉ። ከድር ተስቢሁን አቆመ። ሐሙስ ከላይ እየተቆረጠ፣ ከሥሩ ሌላ ቀን ብቅ አለ፤ ግማሽ እሱ ግማሽ እሷ ሆነው ቆዩ። ከዚያ አሥራ ሁለት ሲሞላ ጠቅ ብላ ጁምዓ ሆነች። ውጪ መግሪብ ሰግደው የሚመለሱ ሰዎች እያወሩ በበራችን ያልፉ ነበር። በዚያ ሰሞን ፀሐይ ቶሎ ነበር የምትገባው፤ ሰዓቷ የምትዞረው መግሪብ ተሰግዶ ካበቃ በኋላ ነው። እንግዲህ አንተ ስትሄድ ዞራ ካገኘኋት፣ መግሪብ አልፎ ነበር ማለት ነው።

ከድር ለረጅም ጊዜ ሰዓቷን ሳይሆን እኔን አየኝ። የሚያስቅ ነገር ፊቴ ላይ የፈለገ ይመስለኛል። ከዚያ «አባባ ይሄን ያውቅ ነበር?» አለ። እኔም ሰልማለች ያልከኝን ነገርኩት። ሳቀ። በጣም ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ፤ ከዚያ መስገጃው ላይ ተደፍቶ ሳቁ ለቅሶ ሆነበት። ከሞትክ ጀምሮ አልቅሶ አያውቅም ነበር። እማዬ «አልሀምዱሊላህ» አለች፣ አንዴ ብቻ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሩዝ አለ?» አለች።

ሰዓቷን ከድር ራሱ እጄ ላይ አሰረልኝ። ማሰሪያዋ አስቸገረው፣ የተማረ እጅ። በስልኩ ሰዓት ሊያስተካክላት አስቦ ነበር፤ አሁን ግን «ማዞሪያዋን ማንም እንዳይነካት» ብሎ ያወጀው እሱ ነው። ሚራስ፣ ውርስህን ለመከፋፈል ስንቀመጥም፣ እማዬም እሱም ከድርሻቸው ትተውልኝ «እሱ ጋ ትሁን» አሉ። እማዬ ምክንያት ስትጠየቅ፣ «ይሄ ልጅ ከተወለደ አርፎ ያውቃል?» ብቻ ነው ያለችው።

አባዬ፣ ያ ገመድ እኔ ጋ አልተበጠሰም መሰለኝ። በበረዶ የታገዱት ገበሬዎች ሠርተዋታል፣ አንተ አስልመሃታል፣ እኔ ደግሞ በሀርጌሳ ኮረኮንች እያንቀጠቀጥኩ አኖራታለሁ። ከሦስቱ የኔ ሥራ ቀላሉ ነው፤ ግን ያለኔ ትቆማለች።

አሁን በየሐሙሱ መግሪብ ሲል የትም ብሆን ባጃጄን ጥግ አስይዛለሁ። ተሳፋሪ ካለ «አንዴ ታገሱኝ፣ ሰው ልሸኝ ነው» እላለሁ። እሰግዳለሁ፣ ከዚያ መስኮቷ መዞሯን አይቼ ፋቲሃ እቀራልሃለሁ። ቤት ስገባ እማዬ ከውስጥ ሆና «ዞረች?» ትላለች። «ዞረች» እላታለሁ። አንድ ቀን ብቻ «እምቢ አለች» ብያት ነጠላ ጫማዋን ወርውራብኛለች። ስቃ ነበር የወረወረችው፣ ጆሮዬን አልሳተችም ደግሞ።

ይረሳኛል ብለህ አትስጋ። የማላርፈው ልጅህ ድንገት ላርፍ ብል፣ ስንፍና ቢይዘኝ፣ ወይ ሌላ ነገር ቢያስረሳኝ፣ ሰዓትህ እጄ ላይ ትቆማለች። ያኔ እጄን አይቼ፣ «እንዴ፣ አባዬን ረሳሁት» እላለሁ፣ ተነስቼም እንቀሳቀሳለሁ።

ይሄን ስጽፍልህ ለረጅም ጊዜ እጄን ሳላወዛውዝ ተቀምጫለሁ። ይበቃኛል። ሐሙስ ነው፣ የመግሪብ አዛን እያለ ነው፣ እማዬም ልትጠይቀኝ ነው። ልነሳ።

ጅኒህ፣ ነጂብ